ለአረጋውያን እንክብካቤ የሚወጣውን የመንግሥት ገንዘብ መግታት፦ ቁጠባ ነው ወይስ ሸክም ማሻገር?

ሒሳብ ያዥ (ውይይቱን የከፈተች)

እንደምን ዋላችሁ። ሥራዬ በጀት ነው፤ ድምር ካልገጠመልኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። ራሳቸውን ችለው መታጠብ፣ መልበስና መብላት ለተሳናቸው አረጋውያን የሚሰጠው የረጅም ጊዜ እንክብካቤ የመንግሥትን ካዝና እንዳያራቁት ምን ይደረግ የሚል ነው። አለቃዬ መልሱን አስቀድመው ነግረውኛል፦ «መስፈርቱን አጥብቂ፣ የተገልጋዩን ድርሻ ከፍ አድርጊ፣ ከመጦሪያ ቤት ወደ መኖሪያ ቤት አዛውሪ፤ ከሦስት ገጽ እንዳይበልጥ።»

ሦስቱንም ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር እረፍት ነሳኝ። የሌሎችን አገሮች ታሪክ ሳገላብጥ «ቁጠባ» ተብሎ የተመዘገበው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ጠፍቶ አይገኝም፤ ቦታ ለውጦ ነው የሚገኘው። ከአንዱ መሥሪያ ቤት መዝገብ ይወጣና ሌላው መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ፣ ወይም ጨርሶ መዝገብ በሌለው ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል። ሸክሙን ለሌላ ሳያሻግር ወጪን በእውነት የሚቀንስ መንገድ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። «ገንዘብ የለም» የሚለውን ክርክር ግን እዚህ አታምጡብኝ፤ ገንዘብ እንደሌለማ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ተጠራጣሪው

አለቃዎ ልክ ናቸው። ዋጋ ያልተጠየቀበት ነገር ፈላጊው አያልቅም። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1973 ዕድሜያቸው 70 ለሞላ ሁሉ ሕክምናን በነፃ አደረገች። ሆስፒታሎቹ ሐኪም ሳይሆን ማደሪያ በሚፈልጉ አረጋውያን ተሞሉ። በ1983 ክፍያውን መልሰው አስገቡ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ከኪሱ ጥቂትም ቢሆን ያውጣ፣ ያን ጊዜ የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን ይለያል። ሌላው ሁሉ ቅኔ ነው።

ጡረተኛው መምህር

ታሪኩን መሐሉ ላይ ቆረጡት። (ዓመቶቹን እኔም በአውሮፓውያን አቆጣጠር እቀጥላለሁ።) የ1983ቱ ክፍያ አረጋውያኑን ከሆስፒታል አላስወጣቸውም፤ መሄጃ አልነበራቸውማ! ቤት ውስጥ የሚያነሣና የሚጥላቸው ሰው ያጡ፣ መጦሪያ ቤትም ቦታ ያላገኙ ሰዎች ለወራት የሕክምና አልጋ ይዘው ይቆዩ ነበር። የሆስፒታል አልጋ ደግሞ ከመጦሪያ ቤት አልጋ እጅግ ይወደዳል። ለእንክብካቤ አናወጣም ያሉትን ገንዘብ በሕክምና ስም አብዝተው ሲያወጡት ኖሩ ማለት ነው። ሒሳብ ያዥ ያሉት «ቦታ መለወጥ» ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ያለው አይመስለኝም።

መፍትሔ ያሉት የእንክብካቤ መድን የጀመረው በሚያዝያ 2000 ነው። ዕድሜው ከ40 ዓመት ጀምሮ ያለ ሁሉ በግዴታ መዋጮ ይከፍላል፤ ከወጪው ግማሹ ከመዋጮ፣ ግማሹ ከግብር ይሸፈናል። በሩ ላይ ደግሞ ጥብቅ ማጣሪያ አለ። 74 ጥያቄዎች ያሉት ምዘና ይደረግና በኮምፒውተር ይሰላል፤ ከዚያ ባለሙያዎች የተቀመጡበት ኮሚቴ ሰውየውን ከሰባት ደረጃዎች በአንዱ ይመድበዋል፤ ሁለቱ ቀለል ያሉ የድጋፍ፣ አምስቱ የእንክብካቤ ደረጃዎች ናቸው። የቤተሰብ ሁኔታና ሀብት በደረጃው ላይ ለውጥ አያመጣም፤ የሚመዘነው አቅም ብቻ ነው።

ታዲያ ወጪው ተገታ? አልተገታም። ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑት በወር የሚያዋጡት መድኑ ሲጀመር በአማካይ 2,911 የን ነበር፤ በ2024 6,225 የን ደርሷል። እጃቸውን አጣጥፈው ስለተቀመጡም አይደለም። በ2005 መጦሪያ ቤት ያሉ ሰዎች የመኝታና የምግብ ወጪያቸውን ራሳቸው እንዲከፍሉ አደረጉ። በ2015 ደግሞ በመንግሥት ድጎማ ወደሚሠሩት መጦሪያ ቤቶች አዲስ የሚገባ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከአምስቱ የእንክብካቤ ደረጃዎች ቢያንስ ሦስተኛው ላይ መሆን አለበት አሉ። የተገልጋዩ ድርሻ ለሁሉም 10 በመቶ የነበረው፣ ገቢያቸው ከፍ ላለ ሰዎች በ2015 ወደ 20፣ በ2018 ደግሞ የበለጠ ላላቸው ወደ 30 በመቶ ወጣ። ይህን ሁሉ አድርገውም መዋጮው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ምክንያቱ አባካኝነት ሳይሆን የሕዝቡ ማርጀት ነው። አርጅቶ ያልወደቀ ሰው እንዲቆም፣ የወደቀ ደግሞ እንዳይጠፋ አድርገዋልና ወጪያቸውን እንደ ውድቀት አላየውም።

አንድ ነገር ግን አደንቅላቸዋለሁ። የአገልግሎቱ ዋጋ ተመንና የአረጋውያኑ መዋጮ በየሦስት ዓመቱ አንድ ላይ ይከለሳሉ። አገልግሎት ይጨመር የሚል ሰው መዋጮውም ምን ያህል እንደሚጨምር እያየ ነው የሚጠይቀው። ጀርመኖችም በ1995 የእነሱን መድን ሲጀምሩ የአሠሪዎችን ድርሻ ለማካካስ ብለው አንድ የሥራ መዝጊያ በዓል ሰርዘዋል፤ በዓሉን ያስቀረችው የሳክሶኒ ግዛት ብቻ ናት፤ እዚያ ሠራተኛው ከፍ ያለ ድርሻ ይከፍላል። ሕዝብን «ይህን ትፈልጋለህ? እንግዲያው አንድ ቀን ሥራ» ማለት ጨዋነት ይመስለኛል።

ሌሊት ተረኛ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ደግሞ ከሰንጠረዡ ወደ አልጋው ላውርዳችሁ።

በአንድ መጦሪያ ቤት የሌሊት ነርስ ነኝ። ራሱን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው በየጥቂት ሰዓቱ መገላበጥ አለበት፤ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል። ከባድ ሰው ከሆነ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ሥራ ስጀምር አንድን ሰው ለማገላበጥ፣ ለማጽዳትና አንሶላ ለመቀየር የሚፈጀው ጊዜ ዛሬም ያው ነው። ፋብሪካ በአዲስ መሣሪያ በአንድ ሰዓት እጥፍ ያመርታል፤ እኔ በአንድ ሰዓት እጥፍ ሰው ላገላብጥ ብል የማደርገው ማገላበጥ ሳይሆን መወርወር ነው። ዊሊያም ባውሞል የሚባል የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1960ዎቹ ይህን በሙዚቃ መስሎ እንዳስረዳው አንብቤ ስቄአለሁ። በአራት ሰው የሚጫወት ሙዚቃ ዛሬም አራት ሰው፣ ያንኑም ያህል ደቂቃ ይፈልጋል፤ የሙዚቀኞቹ ደመወዝ ግን ከሌላው ሠራተኛ ጋር አብሮ ካልጨመረ ሙዚቃውን ትተው ይሄዳሉ። እኛም እንደዚያው ነን። የዚህ ሥራ ወጪ ከሞላ ጎደል የሰው ደመወዝ ነው፤ «ወጪ ይገታ» ሲባል የምሰማው «ወይ የእናንተ ደመወዝ ይቆይ፣ ወይ ከእናንተ አንዳችሁ ይቀነስ» የሚል ነው።

አንድ ጊዜ ይህ ደረሰብን። በሌሊት ሦስት የነበርነው ሁለት ሆንን። ብዙም ሳይቆይ የአልጋ ቁስል የወጣባቸውና ሽንት ቤት ብቻቸውን ለመሄድ ሲነሡ የወደቁት በረከቱ፤ አምቡላንስ እየመጣ ይወስዳቸው ጀመር። የዳሌ አጥንት ስብራት ሕክምና ከእኔ ደመወዝ ጋር ሲተያይ ምን ያህል እንደሆነ ሒሳብ ያዥ ያስሉልኝ። ሆስፒታሉን የሚከፍለው ግን ሌላ መዝገብ ስለነበር የእኛ አስተዳዳሪ በዓመቱ መጨረሻ ምስጋና ተቀበሉ።

ሥርዓት ይከበር

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው ልጆች ወላጆቻቸውን መጦር ስለተዉ ነው። መንግሥት ጧሪ ሆኖ አያውቅም። ልጆች ይጡሩ፤ ካዝናውም ያርፋል።

የመጨረሻ ልጅ

ልጆች ሲሉ የትኛዋን ልጅ ማለትዎ ነው?

አራት ነን። ሁለቱ ወንድሞቼ ገንዘብ ይልካሉ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ታላቅ እህቴ ትጸልያለች። እኔ ሥራዬን ለቅቄ ስድስት ዓመቴ ነው። እናቴ የመርሳት በሽታ አለባት። እጇም እግሯም ደህና ነው፤ ልብሷን ራሷ ትለብሳለች፣ ሁለት ቀሚስ ደርባ ቢሆንም። መዛኙ መጥቶ «መታጠብ ይችላሉ?» ሲላት «አሳምሬ!» አለችው፤ እውነቷን ነው፣ ትችላለች። ውሃውን ክፍት ትታ ሌሊት በር ከፍታ መውጣትም ትችላለች። ሰውየው ግን የመጣው የማትችለውን ሊቆጥር ነውና መስፈርቱን አታሟላም ተባለ።

መንግሥት በእኔ ቤት ምን ያህል እንደቆጠበ ልንገራችሁ። የእሷን አገልግሎት ቆጥቧል። የእኔን የገቢ ግብር አጥቷል። የጡረታ መዋጮዬን አጥቷል፤ ስለዚህ እኔ ሳረጅ የሚጠይቀውን ወጪ ከወዲሁ እየገዛ ነው። ወገቤን ታምሜ የምሄድበትን ክሊኒክ አልቆጠርኩትም። ካዝናው አርፏል አሉ፤ ይሁን፣ ቢያንስ አንዳችን አርፈናል።

ጡረተኛው መምህር (ለየመጨረሻ ልጅ)

እህቴ፣ ያጋጠመሽ የአንድ መዛኝ ስንፍና ብቻ አይደለም። ጀርመን ውስጥ እስከ 2016 መጨረሻ ድረስ ደረጃ የሚሰጠው በደቂቃ ነበር። አንደኛ ደረጃ ለማግኘት ሰውየው በቀን ቢያንስ የ90 ደቂቃ እርዳታ እንደሚያስፈልገው መረጋገጥ ነበረበት፤ ዋናው ሚዛን የሚያርፈው ማጠብ፣ ማልበስና ማጉረስ ላይ ነበር። የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው ቀኑን ሙሉ በዓይን መጠበቅ ግን በደቂቃው ውስጥ በቅጡ አልገባም። ከ2017 ጀምሮ ደቂቃውን ትተው ሰውየው ራሱን የቻለበትን መጠን መመዘን ያዙ፤ ሦስቱ ደረጃዎች አምስት ሆኑ፣ አእምሮም ከአካል እኩል ተቆጠረ። ተጠቃሚው በዛ፣ መዋጮውም ጨመረ። መስፈርት ማጥበብ ምን ጊዜም ወጪ ይቀንሳል፤ ማንን እንደሚያስቀር ግን መስፈርቱን የጻፈው ሰው ራሱ ሁልጊዜ አያውቀውም።

ተጠራጣሪው

የመጨረሻ ልጅ፣ በእርስዎ ድካም ላይ ቃል የለኝም። ይሁንና አንድ መራር ነገር ልናገር፣ አትቀየሙኝ። መንግሥት ለእያንዳንዷ አስታማሚ ልጅ ይክፈል ብንል፣ ዛሬ ሳይከፈላቸው የሚጦሩት ሁሉ ነገ ይመዘገባሉ። እንክብካቤው አይጨምርም፤ ወጪው ግን ይጨምራል። አሜሪካ ውስጥ ለድሆች በተቋቋመው የመንግሥት የሕክምና መድን፣ በሜዲኬይድ፣ ከ1981 ጀምሮ ግዛቶች ፈቃድ እየጠየቁ በመጦሪያ ቤት ፋንታ በቤት ውስጥ እንክብካቤ መስጠት ሲጀምሩ የበጀት ሰዎች የፈሩት ይህንኑ ነው። መጦሪያ ቤት ግቡ ቢባሉ እምቢ የሚሉ ሰዎች ቤታችሁ ድረስ እንምጣ ሲባሉ እሺ ይላሉ። የአንዱ ሰው ወጪ ይረክሳል፣ የሰዉ ቁጥር ግን ይበዛል፤ ድምሩ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ የሒሳብ ያዥ አለቃ ሦስተኛው ሐሳብ፣ ወደ ቤት ማዛወር የሚለው፣ ቁጠባ መሆኑ እርግጥ አይደለም። አየሽ፣ እኔም የምጠራጠረው በአንድ ወገን ብቻ አይደለም።

የመጨረሻ ልጅ

«አየሽ» ማለትዎን በቤተሰብነት ተቀብያለሁ። እርስዎ ፈላጊው ይበዛል የሚሉት፣ እኔ ተደብቆ የኖረው ታየ እለዋለሁ። ይህን ካልኩ በኋላ ግን ነጥቡ ትክክል ነው፤ ጎረቤቴ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብታግዘኝ ለእኔ ይበቃኛል፣ ደመወዝ አልጠየቅሁም።

ሒሳብ ያዥ

ይህ የጥሬ ገንዘብ ነገር እኔንም ግራ አጋብቶኛል። ጀርመን ቤተሰብ እንዲያስታምም ለመረጠ ሰው በጥሬው ትከፍላለች፤ በ2025 ለሁለተኛው ደረጃ በወር 347 ዩሮ ነው። ያው ሰው በባለሙያ እንዲታገዝ ከመረጠ ግን እስከ 796 ዩሮ የሚደርስ አገልግሎት ያገኛል። ልዩነቱ ለካዝናው ቁጠባ ነው፤ ብዙ ቤተሰብም ጥሬውን ይመርጣል። ጃፓን ግን ጥሬ ገንዘብ አልከፍልም አለች፤ ገንዘቡ ምራትን ቤት ውስጥ አስሮ ያስቀምጣታል ብለው የሴቶች ማኅበራት አጥብቀው ተከራክረው ነበርና። በአንድ ጥያቄ ላይ ሁለት አገር ሁለት ተቃራኒ መልስ! አለቃዬ ይህን ቢሰሙ «ርካሹን ጻፊ» ይሉኛል።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ ለጉዳዩ እንግዳ ነኝ። ሰው ገና ጎልማሳ ሳለ ለምን የግል መድን አይገዛም? ለመኪና እንገዛ የለም?

ሒሳብ ያዥ (ለአዲስ ገቢ)

ጥያቄው እንግዳ አይደለም፤ አሜሪካኖች ሞክረውታል። ኩባንያዎቹ ዋጋውን ሲተምኑ ብዙ ደንበኛ ከመሐል ይተዋል፣ የቀረውም ብዙ ሳይቆይ ይሞታል ብለው ነበር። ደንበኞቹ ግን መድናቸውን አጥብቀው ያዙ፣ ከተገመተውም በላይ ኖሩ። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ገበያውን ጥለው ወጡ፤ የቀሩት ክፍያውን ደጋግመው አናሩት። የመኪና አደጋ ዛሬ ደርሶ ዛሬ ይዘጋል፤ ይኸኛው ከአርባ ዓመት በኋላ ደርሶ አሥር ዓመት ሊቆይ ይችላል። በዚያ ላይ የ45 ዓመት ሰው ስለ ሽንት ጨርቅ ማሰብ አይወድም። እኔም 45 ዓመቴ ነው።

ጡረተኛው መምህር

እስካሁን ያልተነሣ አንድ የመግቻ መንገድ አለ፤ እኔ ድምፅ አልባው ቁጥጥር እለዋለሁ። ምንም አትነካም። ሕጉን አትቀይርም፣ አዋጅ አታወጣም፤ ቁጥሩን ባለበት ትተወዋለህ፣ የዋጋ ንረት ሥራውን ይሠራልሃል። የጀርመን መድን የሚከፍለው መጠን ከ1996 እስከ 2008 ድረስ ሳይነካ ቆሟል፤ በእነዚያ ዓመታት የመጦሪያ ቤት ዋጋ አልቆመም። እንግሊዝ ውስጥ ከ23,250 ፓውንድ በላይ ሀብት ያለው ሰው ከመንግሥት እርዳታ አያገኝም፤ ይህች ቁጥር ከ2010 ጀምሮ እንዳለች ናት። በየዓመቱ ጥቂት ሰዎች ሳያውቁት ከመስመሩ ውጭ ይቀራሉ። የተቀነሰባቸው ነገር ስለሌለ ለሰልፍ የሚወጣ የለም።

በዚያው በእንግሊዝ አንድ ሰው በሕይወቱ ለእንክብካቤ በሚከፍለው ላይ ጣሪያ ይበጅለት የሚለው ነገር ደግሞ ለብቻው ተረት ይወጣዋል። በ2011 አንድ ኮሚሽን ወደ 35,000 ፓውንድ ገደማ አለ። ከ2014ቱ ሕግ ጋር ተያይዞ 72,000 ተባለ፣ ተራዘመ፣ ተተወ። በ2021 እንደገና 86,000 ተባለ፣ ተራዘመ፤ በ2024 ጨርሶ ተሰረዘ። ጣሪያው ከፍ እያለ ሄዶ ቤቱ ሳይሠራ ቀረ። እያንዳንዱ መንግሥት ሲያራዝመው በዚያ ዓመት «ቆጥቧል»፤ ለልጆቿ ላተርፈው ያለችውን ቤት ሸጣ የከፈለችው ባልቴት ግን በቁጠባው መዝገብ ላይ የለችም።

ማገገሚያ

የአካል ማገገሚያ ባለሙያ ነኝ፤ ሒሳብ ያዥ በመጀመሪያ ለጠየቁት ጥያቄ የተሻለ መልስ ያለኝ ይመስለኛል። ፍሬዴሪሲያ በምትባል የዴንማርክ ከተማ በ2008 አንድ ነገር ጀመሩ። ቤቴ ድረስ መጥታችሁ አግዙኝ ብሎ ለሚያመለክት አረጋዊ ወዲያው አጋዥ አይመድቡለትም። መጀመሪያ ባለሙያ ሄዶ «ምን ማድረግ ናፈቀዎት?» ይለዋል። ከዚያ ለተወሰኑ ሳምንታት ያንን ነገር ራሱ እንዲያደርግ ያለማምዱታል፤ ደረጃ መውጣት፣ ብቻውን መታጠብ፣ ካልሲ በማንጠልጠያ ማጥለቅ። በ2015 በመላው አገሪቱ ማዘጋጃ ቤቶች ማለማመድ ይጠቅመዋል ለሚባል ሰው አስቀድመው ይህን እንዲያቀርቡ ሕግ አዝዟቸው ነበር።

ለማንም ያልተሻገረ ቁጠባ ካለ ይኸኛው ነው፤ ወጪው የቀረው ሰውየው ስላላስፈለገው ነውና። ተጠንቀቁ እንጂ! እርጅናን አያስቀርም፤ እየከፋ ለሚሄድ የመርሳት በሽታ ጥቅሙ ውስን ነው፤ በመጀመሪያዎቹም ወራት ገንዘብ ያስወጣል። ከሁሉም የሚከብደው የሠራተኛውን እጅ መያዝ ነው። ማጉረስ አንድ ደቂቃ ነው፤ ማንኪያውን ራሳቸው እስኪያነሡ እጅን አጣምሮ መጠበቅ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። ለአጋዡ በጉብኝት ብዛት የምትከፍሉት ከሆነ ሁልጊዜ ያጎርሳል።

ሌሊት ተረኛ

እውነት ነው፤ እጄ ራሱ አይታዘዘኝም። ሳላስበው አዝራር እቆልፍላቸዋለሁ።

በሁለት ኪስ መካከል ስለሚጠፋው ገንዘብ አንድ ነገር ልጨምር። ስዊድኖች በ1992 የአረጋውያንን እንክብካቤ ጠቅልለው ለማዘጋጃ ቤቶች ሲሰጡ አንድ ብልሃት አከሉበት፦ ሐኪሙ «ሕክምናው አልቋል» ካለ በኋላ አረጋዊው ሆስፒታል ውስጥ የሚቆይበትን ቀን የሚከፍለው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ያለ ምክንያት የሚያዙት አልጋዎች ቀነሱ። የእኛም አስተዳዳሪ የአምቡላንሱን ሒሳብ ራሳቸው ቢከፍሉ ኖሮ ሦስተኛዋን ነርስ አይቀንሷትም ነበር። የቀነሰ ሰው የቀነሰበትን መዘዝ ይክፈል፤ ከዚህ የረቀቀ ነገር አያስፈልግም።

ሥርዓት ይከበር

አሁንም ልጆች ይጡሩ ባይ ነኝ። የትኛዋ ልጅ ለተባለው ግን መልስ አላገኘሁም። እኔ ራሴ እህቴ ናት የምትጦርልኝ።

ሒሳብ ያዥ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ሰንጠረዡን አፍርሼ ሠራሁት። ቀድሞ «እርምጃ» እና «ቁጠባ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ነበሩት፤ አሁን «ማን ተረከበው?» የሚል ሦስተኛ አክዬበታለሁ። መስፈርት ማጥበብ፦ የመጨረሻ ልጅ። (በስሟ አልጻፍኳትም፣ «ሥራ ያቆመ የቤተሰብ አባል» ብያለሁ።) የሌሊት ሠራተኛ መቀነስ፦ ሆስፒታል። ተመኑን ሳይነኩ መተው፦ ተገልጋዩ፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት። የተገልጋይ ድርሻ በገቢ ልክ ማሳደግ፦ መክፈል የሚችለው፤ ይህን እንደ ነውር አላየውም፣ ተጠራጣሪው ደስ ይበልዎት። ቀድሞ ማለማመድ የሚለው ረድፍ ላይ ስደርስ ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ሆነ። መጀመሪያ የረሳሁ መስሎኝ ነበር።

ተጠራጣሪው

ጥሩ ሥራ ነው። አለቃዎ ግን ሦስተኛዋን ዓምድ ሰርዘው ሁለቱን ብቻ እንደሚያቀርቡ እወራረዳለሁ።

ሒሳብ ያዥ

አስቤበታለሁ። ዓምዷ ከተሰረዘች ድምሩ እንዳይገጥም አድርጌ ነው የሠራሁት።